ስንት ዙር ይበቃዋል? የአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተርና የአንድ ሚኒባስ ጉዳይ

ባለፈው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ለዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጠራ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የጽሑፍ ሥራ ቤት ያላቸው እትዬ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒውተር ዛሬም ጠፋብኝ። ተመራቂዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ።

ግንቦት ለእሳቸው መኸር ነው። ተመራቂ ተማሪዎች የጥናት ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙትና የሚያስጠርዙት በዚህ ወር ነው። ኮምፒውተሩ ግማሽ ቀን ከቆመ ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ ሌላውን ሥራ ትቼ በብስክሌቴ ገሰገስኩ።

ያኔ ቀላል ጥገና መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጉዳዩ ከኮምፒውተሩ አልፎ እስከ ባለቤታቸው ሚኒባስ ድረስ ሄደ። ሁለቱም የሞቁት በአንድ ጥያቄ ምክንያት ነው፤ አንድ የሚሽከረከር ነገር በደቂቃ ስንት ዙር ቢዞር ይሻላል? በኮምፒውተሩ ላይ መልሱን የተሳሳተው ሌላ ባለሙያ ነው። በሚኒባሱ ላይ ግን ስህተቱ ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ለዚህም ነው ነገሩን ከሥር ከሥሩ መጻፍ የፈለግኩት።

ዙሩ አለ፣ ነፋሱ የታለ?

ወደ ቤቱ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ጩኸት ነው። የኮምፒውተሩ ፋን እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያጓራል። ኮምፒውተሩ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል፤ ጀርባው ግድግዳውን ሊነካ ሦስት ጣት ያህል ቀርቶታል። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፤ ከላይ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቴርሞሜትሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጥቂት ጠበቅኩ። 33 ዲግሪ አለ።

እትዬ ችግሩን በደንብ አስተውለውታል። ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል። ከሰባት ሰዓት በኋላ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል። ከዚያ ድርግም ይላል። ወዲያው ቢያበሩት እንደገና ይጠፋል፤ አሥር ደቂቃ ካሳረፉት ግን ይነሳል።

እኛ ጋ «ጠፋ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራት ነው። እኔም መጀመሪያ መስመሩን አየሁ። በዚያው ሶኬት ላይ ያለው ፕሪንተር አልጠፋም፤ ዩፒኤሱም ደህና ነው። ቀን ሲሞቅ ብሶ፣ ሲያርፍ የሚድን ከሆነ ነገሩ ሙቀት ነው።

ባዮሱን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን መሠረታዊ ቅንብር የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። የፕሮሰሰሩ ፋን 2,800 ዙር በደቂቃ ይዞራል። ቅንብሩ «ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት» የሚለው ላይ ነው። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያ ነው እንዲህ ያደረገው። «በሙሉ ኃይሉ ይዙር፣ ያኔ አይሞቅም» ብሏቸዋል። ሐሳቡ ይገባኛል። ለሚሞቅ ነገር ብዙ ነፋስ መስጠት ከማንም ጭንቅላት መጀመሪያ የሚመጣ መፍትሔ ነው።

ከዚያ 200 ገጽ ያለውን የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ እየቀየርኩ ሙቀቱን ተከታተልኩ። ሥራ ሳይጀምር ፕሮሰሰሩ 71 ዲግሪ ላይ ነበር። በስድስት ደቂቃ 97 ደረሰ። ትንሽ ቆይቶ ማዝገም ጀመረ። የአሁን ዘመን ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ያም ካልበቃ ኃይሉን ቆርጠው ይጠፋሉ። እትዬ እንደ ብልሽት ያዩት መጥፋት ኮምፒውተሩ ራሱን የሚያድንበት መንገድ ነው።

እጄን ከኬዙ ጀርባ አስጠጋሁ። 2,800 ዙር የሚጮህ ፋን አለ፤ እጄ ላይ ግን የሚደርሰው እስትንፋስ ያህል ነው።

ኬዙን ስከፍት ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። በፋኑና ሂትሲንክ በምንለው አሉሚኒየም መሐል አንድ ንጣፍ ተጋግሯል። የወረቀት ብናኝ ነው፤ የበጋ አቧራ ነው፤ ማታ መብራት ሲያይ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ትንኝም አለበት። ሁሉም ተያይዞ እንደ ቁራጭ ብርድ ልብስ ሆኗል። ስነቅለው ሙሉውን አንድ ላይ ተነሳ። ፋኑ ያን ሁሉ ጊዜ ሲገፋ የነበረው ይህን ብርድ ልብስ ነው።

ሁለተኛ፣ ከኬዙ ጀርባ ያለው ፋን ተገልብጦ ታስሯል። ሙቁን አየር ወደ ውጭ ማውጣት ሲገባው ከግድግዳው ጋ የታፈነውን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። የፋን አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ በቀስት ይጻፋል፤ ሲገጥሙ ያንን ማየት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በፕሮሰሰሩና በአሉሚኒየሙ መሐል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የምንለው፣ ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

ኬዙን ይዤ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ወጣሁና ጠረግኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አየር ስትነፉበት የፋኑን ክንፍ በጣታችሁ ያዙት። ዝም ብላችሁ ብትነፉት ከተሠራበት በላይ ይሽከረከራል፤ ኩሽኔታው ይጎዳል፤ ራሱም እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል። ፔስቱን አጽድቼ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብ አደረግኩ። የኋላውን ፋን ገለበጥኩት። ኬዙን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኩት።

ከዚያ ያንኑ 200 ገጽ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሙቀት እንደገና አሠራሁት። በ2,800 ዙር ፕሮሰሰሩ 64 ዲግሪ ላይ ቆመ። ዙሩን በግማሽ ቀንሼ 1,400 አደረግኩት፤ 70 ዲግሪ። 900 ላይ ሳወርደው 81።

ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ የጨመረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። ከጽዳቱ በፊት ግን በሙሉ ዙር 97 ነበር።

ፋን ጉልበት ይበላል

እትዬ ጩኸቱ ሲጠፋ ደነገጡ። «ቆመ እንዴ?» አሉ። አልቆመም፤ ቀስ ብሎ እየዞረ ነው። ለምን ቀስ ማለቱ እንደሚበቃው ለማስረዳት ቁጭ አልኩ።

የፋን ሕግ ቀላል ነው። ዙሩን እጥፍ ብታደርጉት የሚያንቀሳቅሰው አየር እጥፍ ይሆናል። አየሩን የሚገፋበት ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። የሚበላው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። ጩኸቱ 15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጩኸቱ እጥፍ የሆነ ያህል ነው የሚሰማው። ያም ሁሉ ተከፍሎ የማቀዝቀዙ ትርፍ እጥፍ እንኳ አይሞላም። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ለነፋሱ የሚያስረክብበት አቅም ከነፋሱ እኩል አያድግም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መቶ ዙር ብዙ ይጠቅማል፤ በኋላ ላይ የሚጨመረው የሚሰጠው ጩኸት ብቻ ነው።

የባሕር ዳር ነገር ደግሞ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በስድስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚቆጥረው ሊትር እንጂ ኪሎ አይደለም። በ1,400 ዙር እዚህም ሆነ ጅቡቲ እኩል ሊትር አየር ያንቀሳቅሳል፤ እኛ ጋ ያ አየር የሚሸከመው ሙቀት ግን ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ጠረፍ ላይ 1,200 የሚበቃው ኮምፒውተር እዚህ 1,400 ወይም 1,500 ቢፈልግ አይግረማችሁ።

በመጨረሻ ቅንብሩን እንዲህ አደረግኩት። ከ50 ዲግሪ በታች 1,000 ዙር። እስከ 70 እየጨመረ 1,500። 85 ካለፈ ሙሉ 2,800። ከ1,000 በታች ማውረድ አልፈለግኩም። አሮጌ ፋን በጣም ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲሰጠው ከቆመበት ለመነሳት ይቸገራል፤ ሳይነሳ ቀርቶ ማንም ሳያውቅ ኮምፒውተሩ ይሞቃል።

እነዚህ ቁጥሮች የዚህ ፋን ቁጥሮች ናቸው። ይህ 92 ሚሊ ሜትር ነው። 120 ሚሊ ሜትሩ የኬዝ ፋን ከ800 እስከ 1,500 ባለው ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። የላፕቶፕ ትንሽ ፋን 3,000 እና 4,000 ሲዞር ጤነኛ ነው። ሰርቨር ውስጥ ያሉት 40 ሚሊ ሜትሮቹ ከ10,000 በላይ ይሄዳሉ። የዙር ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የክንፉ ጫፍ አየሩን የሚቀዝፍበት ፍጥነት ነው ዋናው፤ ክንፉ ሲያጥር ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት ብዙ መዞር ግድ ነው።

ከአፌ ያመለጠው ቃል

ይህን ሁሉ ስናወራ ባለቤታቸው ጋሼ ቡና ለመጠጣት ገብተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሚኒባስ ነው የሚነዱት። ባለ 3 ሊትር ናፍታ ቶዮታ፣ ዶልፊን የምንለው። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ታዲያ ቀስ ብሎ መዞር ነው የሚሻለው በለኛ» አሉ።

«አዎ ጋሼ፤ ማሽን ቀስ ሲል ነው ዕድሜ የሚያገኘው» አልኳቸው።

እያወራሁ የነበረው ስለ ፋን ነው። «ፋን» ማለት ሲገባኝ «ማሽን» አልኩ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በአሥረኛው ቀን እትዬ እንደገና ደወሉ። ኮምፒውተሩ ሰላም ነው። ሚኒባሱ ግን ወደ ቤዛዊት ዳገት ላይ ሚዜዎች ጭኖ ሙሽሮቹን ተከትሎ ሲወጣ ፈልቶ ቆሟል። የሠርግ ወቅት ነው፤ ሙሽሮች አባይ ከጣና ሲወጣ ከላይ እየታየ ፎቶ ለመነሳት ወደዚያ ይወጣሉ። ሚዜዎቹ ሱፋቸውን እንደለበሱ ዳገቱን በእግራቸው ጨረሱት።

ጋራዡ ስደርስ ጋሼ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀስ ይበል ብለኸኝ ነበር እኮ። እኔም እንዳልከው በሰላሳም አራተኛ፣ በሃያ አምስትም ሦስተኛ እያደረግኩ ስነዳው ሰነበትኩ። ድምፁም ዝም ብሎልኝ ነበር» አሉ።

መካኒኩ እጁን እየጠረገ በአንድ ቃል ገላገለኝ። «ሞተሩን አፍነውታል።»

ሞተር ጉልበት ይሰጣል

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ፋን ጉልበት ይበላል፤ ስለዚህ ሥራውን እስከሠራ ድረስ ባነሰ ዙር ቢዞር ይሻለዋል። ሞተር ግን ጉልበት ሰጪ ነው። የሚሰጠው ጉልበት ደግሞ ሁለት ነገር ተባዝቶ ነው፤ የሚጠመዝዝበት ኃይልና ዙሩ። ዙሩን ከቀነሳችሁበት ያንኑ ዳገት ለመውጣት በእያንዳንዱ ዙር የበለጠ መጠምዘዝ አለበት።

ቁጥሩን እዚያው ጋራዥ ወረቀት ላይ ሠራነው። የተጫነ ሚኒባስ መለስተኛ ዳገት በ25 ኪሎ ሜትር ሲወጣ 20 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ኪሎዋቱን በ9,550 አባዝታችሁ ለዙሩ ስታካፍሉ የሚጠበቅበትን የመጠምዘዝ ኃይል በኒውተን ሜትር ታገኛላችሁ። በ1,300 ዙር 147 ይመጣል። በ2,250 ዙር 85። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ከፍተኛው ኃይሉ 190 ገደማ ነው፤ እሱም 2,400 ዙር አካባቢና በባሕር ጠለል አየር። ቱርቦ ስለሌለው እኛ ከፍታ ላይ ከዚያ አንድ ስድስተኛው ይቀነሳል፤ ወደ 158 ይወርዳል። ስለዚህ ጋሼ በሦስተኛ ማርሽ ሲወጡ ሞተሩ ካለው አቅም ጫፍ ላይ ሆኖ እየተንገዳገደ ነበር። ድምፁ ዝም አለ ያሉት ሞተሩ ተመችቶት አይደለም።

ዝቅ ባለ ዙር ብዙ ሲጫን የሚጎዳው ብዙ ነው። የዘይት ፖምፓው ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር የዘይቱ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። በዚያው ሰዓት እያንዳንዱ የእሳት ምት ፒስተኑን ከወትሮው አብልጦ ይመታል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ቢዬላና ሥሩ ያለው ብሮንዚና ያንን ይሸከማሉ። ናፍታው ለማቃጠያ በቂ አየር ሳያገኝ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ረዳቱ ጭሱን ከቀናት በፊት አይቶት ነበር፤ የናፍታ ጥራት ነው ብሎ ተወው።

ከሁሉ በላይ ግን ያነደደኝ ቬንቲላተሩ ነው። በዚህ ሚኒባስ የራዲያተሩ ቬንቲላተርና የውሃ ፖምፓው የሚዞሩት በቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ሲያዘግም አብረው ያዘግማሉ። እትዬ ቤት ቁጭ ብዬ ያስረዳሁት የፋን ሕግ እዚህም ይሠራል። ዙሩ ከ2,250 ወደ 1,300 ሲወርድ የነፋሱ መጠን ወደ 58 በመቶ፣ ግፊቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሞተሩ ብዙ ሙቀት እያመነጨ ሳለ አቀዝቃዡ ተኝቷል። ኮምፒውተር ቢሆን ፋኑ የራሱ ሞተር አለው፤ ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ብቻውን ይፈጥናል። ሚኒባሱ ያንን ማድረግ አይችልም። እግርና ማርሽ ናቸው የሚያፈጥኑት።

እርግጥ ለመፍላቱ ሌላም አጋዥ ነበረው። መካኒኩ ራዲያተሩን ሲያወርደው ፊቱ በአቧራና በሞተ ነፍሳት ተደፍኗል። ያንን ብርድ ልብስ ሳየው ወዲያው አወቅኩት። ቺንጋውም ላልቷል። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክም አርጅቷል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተር ከዚያ በላይ የሚቋቋመው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው፤ ክዳኑ ካልያዘ ያ መከላከያ የለም። የሞተሩ ራስ የሆነው ቴስታታ አለመጣመሙና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አለመቃጠሉ የጋሼ ጥንቃቄ ነው፤ እንፋሎቱን እንዳዩ ወዲያው ቆመዋል፤ ክዳኑንም ሳይበርድ አልነኩትም።

ስልክ ይዘን ቤዛዊት

ራዲያተሩ ታጠበ፤ ቺንጋው ተወጠረ፤ ክዳኑ ተቀየረ። ለእኔ ግን ይህ አልበቃኝም። ሁሉም ከተጠገነ በኋላ ማርሹ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለጋሼ ማሳየት ፈለግኩ። ያበላሸሁትን በአፍ ብቻ ማስተካከል ከበደኝ።

ሚኒባሱ የዙር መቁጠሪያ የለውም። ጆሮ አለን፤ ስልክም አለን። ድምፅ ተቀብሎ በሰከንድ ስንት ምት እንዳለ የሚያሳይ መተግበሪያ ጫንኩ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ ተራው የሚደርሰው። ስለዚህ የሰከንዱን ምት በ30 ማባዛት ነው። ደስ የሚለው የኮምፒውተር ፋንም ለማዘርቦርዱ በአንድ ዙር ሁለት ምልክት ነው የሚልከው። ባዮሱ ላይ ያነበብኩት 2,800 የተሰላውም በዚያው በ30 ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ስንለካው 25 ምት አገኘን፤ 750 ዙር። ለናፍታ ሞተር ጤነኛ ሚኒሞ ነው።

ወፍጮ ቤት የሚደርስ ስምንት ኩንታል በቆሎ ነበር። እሱን ጭነን መጀመሪያ በሦስተኛ ማርሽ ወጣን። 43 ምት፤ 1,300 ዙር መሆኑ ነው። ወንበሩ ይንዘፈዘፋል። ረዳቱ በኋላ መስኮት እያየ «ጭስ አለ» አለ። አናት ስንደርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐሉን አልፎ ሦስት አራተኛው ላይ ነበር። ሁሉም ታጥቦና ተጠግኖ ማለት ነው።

ወርደን ግማሽ ሰዓት አሳረፍነው። ሁለተኛውን ጉዞ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዚያው 25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወጣን። 75 ምት፤ 2,250 ዙር። ሞተሩ ጮክ ይላል፤ ግን አይንዘፈዘፍም። ጭስ የለም። መርፌው ከመሐል ጥቂት ከፍ ብሎ እዚያው ቆመ። ጋሼ መርፌውን እያዩ ምንም አልተናገሩም። አናት ስንደርስ «እና ከዚህም ብጨምርለት?» አሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ላይም ወሰን አለው። ፒስተን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ቆሞ ይነሳል። ያንን ለማቆምና ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሞተር ፒስተኑ 96 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። 2,400 ዙር ላይ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.7 ሜትር ነው፤ 4,000 ላይ 12.8። ከፍተኛውን ጉልበቱን የሚሰጠው እዚያ 4,000 አካባቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውል ግን ዘይቱንም ናፍታውንም ዕድሜውንም ይከፍላል። ቤንዚን መኪና ሌላ ነው። የመጠምዘዝ ኃይሉ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,500 ስለሚገኝ 3,000 ሲል መደንገጥ አያስፈልግም። ትልልቅ የዕቃ መርከብ ሞተሮች ደግሞ በደቂቃ 100 ዙር ያህል ብቻ ይዞራሉ። ፒስተናቸው ግን ሁለት ሜትር ተኩል እና ከዚያ በላይ ስለሚመላለስ ፍጥነቱ ሲሰላ ከጋሼ ሚኒባስ ፒስተን ብዙም አይርቅም። ነገሩ እንደ ፋኑ ክንፍ ነው።

ከአናቱ ላይ ሐይቁ ይታያል። ወደ ዘጌ የምትሄድ አንዲት ሞተር ጀልባ ነበረች። ለጋሼ እሷን አሳየኋቸው። ጀልባ ላይ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘንግ ይገናኛሉ፤ ሰጪው ሞተርና የውሃ ፋን የሆነው ፕሮፔለር። የጀልባ ሞተር ማርሽ መርጦ አይወጣም፤ ዙሩን የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። ለዚያ ነው ለሞተሩ የሚስማማ ፕሮፔለር መምረጥ ትልቅ ነገር የሆነው፤ ከበዛበት ሞተሩ እንደ ጋሼ ሚኒባስ ይታፈናል። ከተስማማው ደግሞ የፋኑ ሕግ ይጠቅመዋል። ዙሩን በአምስት አንድ ቢቀንስ ፕሮፔለሩ የሚበላው ጉልበት በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጀልባ ነጂ ሳይቸኩል ሲሄድ ነዳጅ ብዙ የሚቆጥበው ለዚህ ነው። ጋሼ በሚኒባስ ሊያገኙት የፈለጉት ይህንን ነበር፤ ዳገት ግን እንደ ውሃ አይደለም። ቀስ ስትል ክብደቱ አይቀንስልህም።

በፕላስተር የተጻፈው

ለሹፌር «ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር መሐል ሁን፤ ዳገት ላይ ከ2,000 አታውርድ» ማለት የዙር መቁጠሪያ በሌለው መኪና ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ በስልኩ የለካነውን ወደ ኪሎ ሜትር መለስነው። በዚህ ሚኒባስ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያንዳንዱ የፍጥነት ኪሎ ሜትር በደቂቃ 90 ዙር ነው፤ ሦስተኛ ላይ 52፤ አራተኛ ላይ 36። ከዚያ የወጣው ይህ ነው። ሜዳ ላይ ከ30 ሳታልፍ ሦስተኛ አታስገባ፤ ከ45 ሳታልፍ አራተኛ አታስገባ። ዳገት ላይ ሞተሩ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ሳትጠብቅ አንድ ማርሽ ውረድ። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ከፍ ባለ ዙር አታስጩኸው።

ጋሼ ቁጥሮቹን በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፈው ከፍጥነት መለኪያው ሥር ለጠፉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ናፍታው ጠየቅኳቸው። አራተኛ ላይ እያፈኑ ከነዱበት ጊዜ አልጨመረም አሉ። ጥቁሩ ጭስ በወጉ ያልተቃጠለ ናፍታ ስለነበር ይህ አልገረመኝም።

እትዬ ቤት የሄድኩት ደግሞ በመስከረም ነው። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ፋኑን አዳመጥኩት። ባዮሱ 1,080 ዙር፣ ሙቀቱን 52 ዲግሪ አለ። አሉሚኒየሙ ላይ ስስ አቧራ ጀምሯል፤ በብሩሽ ጠረግኩት። የኩሽኔታው ድምፅ ትንሽ ስለሻከረ ፋኑ ከሚቀጥለው ግንቦት በፊት መቀየር አለበት ብዬ ነገርኳቸው። ጋሼም ከውጭ ደርሰው ነበር። መስኮቱን ከፍተው ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና ወደ ጣና ዳር አቅጣጫ ሄዱ፤ ሦስተኛ እስኪያስገቡ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩ።